ፒንቦል ማሽን ሀበሻ ካፌ ውስጥ አስቀምጦ መሥራት ያዋጣል? ልምድ ያላችሁ እስቲ

ጋርላንድ_ልጅ | ዳላስ | ጃንዋሪ 9

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ጥያቄዬ ትንሽ ወጣ ያለ ነው፤ አትሳቁብኝ።

ባለፈው ወር አንድ ሰውዬ ጋራዡን ሲያጸዳ የ90ዎቹን ፒንቦል ማሽን በ2,400 ዶላር ሸጠልኝ። ለማታውቁት፣ ሳንቲም ከትተህ የብረት ኳስ በመምቻ እየመታህ ነጥብ የምትሰበስብበት ማሽን ነው። አይበራም ነበር። አገር ቤት ሳለሁ ቴሌቪዥንና ቴፕ እጠግን ስለነበር ሳየው እጄን በላኝ። ከኡበር በተረፈኝ ሰዓት ሦስት ሳምንት ታገልኩት። አሁን እንደ ጉድ ይጫወታል። ችግሩ፣ ባለቤቴ "ወይ እሱ ይውጣ ወይ መኪናዬ ይግባ" ብላለች።

የእሷ ወንድም እዚሁ ጋርላንድ ካፌ አለው። ቅዳሜና እሑድ መቀመጫ አይገኝም። ኳስ የሚያየው ያያል፣ ካርታ የሚጫወተው ይጫወታል፣ የቀረው ስልኩን ይነካካል። ማሽኑን ጥግ ላይ ባቆመውስ ብዬ አሰብኩ። ከሆነልኝ ሁለት ሦስት ገዝቼ ሌላም ቤት አስገባለሁ።

እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ። ገቢውን ከቤቱ ባለቤት ጋር እንዴት ነው የሚካፈሉት? አንድ ጨዋታ ስንት ይባላል? ፈቃድ ያስፈልገዋል? አማቴ ደግሞ ገና ሳያዩት "ቁማር ነው" ብለዋል። ለእሳቸውም የሚሆን መልስ ካላችሁ ጀባ በሉኝ።

ቬጋስ_በሌሊት | ላስ ቬጋስ | ጃንዋሪ 9

የምን መሳቅ! እኔ ታክሲ ነው የምነዳው። ሽፍቴ ሲያልቅ ሌላው ወደ ካዚኖ ሲሄድ እኔ ፒንቦል ሆል ኦፍ ፌም እገባለሁ። ካዚኖዎቹ የተደረደሩበት የስትሪፑ መንገድ ደቡብ ጫፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ያ የእንኳን ደህና መጡ ምልክት አካባቢ ነው። ወደዚያ የተዛወረው 2021 ላይ ነው። መግቢያ አይከፈልም። ከጥንቶቹ ጀምሮ እስከ ቅርብ ጊዜዎቹ ድረስ ተደርድረው ታገኛቸዋለህ። የድሮዎቹ በኳርተር፣ በ25 ሳንቲሟ፣ ይሠራሉ፣ አዲሶቹ ወደ ዶላር ይጠጋሉ።

20 ዶላር ይዤ ገብቼ ሁለት ሰዓት እቆያለሁ። ማዶ ካዚኖው ውስጥ 20 ዶላር ወንበሩን እስክታሞቅ አትቆይም። ግን እኔ ተጫዋች ነኝ እንጂ ነጋዴ አይደለሁም። ማዋጣቱን ሌላ ይንገርህ።

ሒሳብ_አይዋሽም | አትላንታ | ጃንዋሪ 10

ልብህን ልሰብር ፈልጌ አይደለም፣ ግን ቁጥሩን እንየው። በሳምንት 60 ዶላር አስገባ እንበል። ለጀማሪ ይሄም ደግ ነው። ግማሹን ለካፌው ሰጠህ፣ 30 ቀረህ። 2,400 ለ30 ሲካፈል 80 ሳምንት ነው። ዓመት ከመንፈቅ! ያውም ቤንዚንህን፣ ዕቃ መለወጫውንና ድካምህን ሳንቆጥር። አንድ ቅዳሜ ማታ ኡበርህን ብትነዳ ከዚያ ይበልጣል።

የግድ ማሽን ካልክ ፑል ጠረጴዛ ግዛ። የሚበላሽ ነገር የለውም። ወይ ደግሞ ያን አሻንጉሊት በመንጠቆ የሚያነሳውን። ልጅ ይዞ የመጣ አባት እምቢ ማለት አይችልም።

ሲያትል_ፒን | ሲያትል | ጃንዋሪ 10

ሒሳብ_አይዋሽም ያለው ልክ ነው። እኔ ዛሬ 11 ማሽን አለኝ፣ አራት ቤት ውስጥ። የምኖረው ግን ሆስፒታል በምሠራው ሥራ ነው። ይሄን አስቀድሜ ልንገርህ። ፒንቦል የኪስ ገንዘብ ነው። ሱስም ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ድርሻ የተለመደው እኩል በእኩል ነው። አዲስ ማሽን የሚያስገባ ሰው ግን ከፍ አድርጎ ይደራደራል። ዛሬ አዲስ ማሽን ተራው ሞዴል እንኳ ወደ 7,000 ዶላር ነው፤ ያጌጠው ከ10,000 ያልፋል። እኔ አዲሱ ላይ 60 ለኔ፣ 40 ለቤቱ እዋዋላለሁ። አሮጌው ላይ እኩል። አንድ ጨዋታ፣ ሦስት ኳስ ማለት ነው፣ ለአሮጌ ሦስት ኳርተር፣ ለአዲስ ዶላር።

ቦታ የሚባለውን ነገር አትናቀው። ሰው ቁጭ ብሎ የሚቆይበት፣ እጁ ሥራ የፈታበት ቤት ነው የሚፈለገው። ልብስ ማጠቢያ ቤት ሞክሬ ነበር። ሰው እዚያ ኳርተሩን ለልብሱ ነው የሚቆጥበው። ፀጉር ቤትም ሞከርኩ። ሁለት ወር ቆይቼ ስከፍተው ውስጡ ፀጉር ሞልቶ እንደ ዶሮ ነጨሁት።

ትልቁ ነገር ግን ጽዳትና ጥገና ነው። ኳሷ 80 ግራም የምትመዝን ብረት ናት። የምትሮጥበት ሰሌዳ ላይ አቧራ ካለ እየፈጨች እንደ ብርጭቆ ወረቀት ትፍቀዋለች። ሀበሻ ቤት ሲሆን ደግሞ እጣን አለ፣ የወጥ ቤት ቅባት አለ። ሌላው ሰው በወር የሚያጸዳውን አንተ በሁለት ሳምንት አጽዳ። መስታወቱን አውጣ፣ ሰሌዳውን ጥረግ፣ ሰም ቀባ፣ ኳሷን በጣትህ ዳስስ። ከተጫረች ለውጣት፤ ዋጋዋ ከማኪያቶ ያነሰ ነው። መኪናህ ውስጥ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ስታኞ፣ ፊውዝ፣ ላስቲክ፣ አምፖልና ትርፍ ኳስ አይጥፋ።

ገንዘቡን ስታወጣ ባለቤቱ ፊት ቁጠር። ሁልጊዜ። ወንድምህም ቢሆን። በተለይ ወንድምህ ከሆነ። ብር አይቀልልህ ደግሞ፤ 1,000 ዶላር በኳርተር 4,000 ሳንቲም ነው፣ ወደ 23 ኪሎ ይመዝናል። ጀርባህን አስብበት።

እትዬ_ጀበና | ሲልቨር ስፕሪንግ | ጃንዋሪ 11

እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ፤ ቤት ያለኝ። ልጆች፣ እስቲ እኔንም ስሙኝ።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሰው መጥቶ ሁለት ማሽን አቆመልኝ። አንዱ ፒንቦል ነበር። አንደበቱ ማር ነው። "እናቴ፣ አንቺ ምንም አታወጪም፣ ግማሹ ያንቺ ነው" አለኝ። የመጀመሪያው ወር ደስ አለን። በሁለተኛው ወር ግራ በኩል ያለው መምቻ ሞተ። ስደውል "ነገ እመጣለሁ"። ነገ አላለቀም። አራት ወር ሙሉ ማሽኑ ቤቴ መሐል እንደ ሬሳ ሣጥን ቆመ። ሰው ኳርተር ይከታል፣ ኳሷ ቁልቁል ትገባለች፣ ይናደዳል። በማን? በእኔ! ገንዘቡን የምመልሰው እኔ፣ ይቅርታ የምለው እኔ። በመጨረሻ "አይሠራም" ብዬ ጽፌ ለጠፍኩበት። እሱም አብሮ አረጀ።

ስለዚህ ጋርላንድ፣ ልጄ፣ ሳንቲም ከመካፈልህ በፊት ይሄን ጻፍ፦ ማሽኑ ከተበላሸ በስንት ሰዓት ትመጣለህ? ካልመጣህ ቤቱ ነቅሎ ማውጣት ይችላል ወይ? ደንበኛ ሳንቲሙ ከተበላ ማን ይመልሳል? እኔ ዛሬ ቢሆን 20 ዶላር በኳርተር ከካዝናዬ አጠገብ አስቀምጥልኝ እለው ነበር፣ ለተበላበት የምመልሰው።

አንድ ሌላ። ድምፁን ቀንስልን። ቡና ቆልቼ፣ እጣን አጭሼ፣ ሰው ሊያወጋ ሲል ያ ማሽን ማንም ሳይነካው ብቻውን ይጮኻል።

ሲያትል_ፒን | ሲያትል | ጃንዋሪ 11

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከኔ ረጅም ጽሑፍ የእርስዎ ይበልጣል። ብቻውን የሚጮኸው ሰው ለመጥራት ነው። በሳንቲሙ በር ከፍተው ከውስጥ ባሉት ቁልፎች ያጠፉታል። የድምፁም መቀነሻ እዚያው ነው። ያ ሰውዬ ሊያሳይዎት ይገባ ነበር።

የእኔ ውል 48 ሰዓት ይላል። ካልደረስኩ ያን ሳምንት ሙሉ ገቢው የቤቱ ነው። ሁለቴ ከፍያለሁ። በልጄ ልደት ቀን የከፈልኩት እስካሁን ይቆጨኛል።

ሮማዊው | ሮም | ጃንዋሪ 12

እዚህ ጣሊያን የፒንቦል ስሙ ፍሊፐር ነው። ድሮ ባር ሁሉ ውስጥ ነበር ይላሉ የሰፈሬ ሽማግሌዎች። ቦሎኛ ላይ ዛካሪያ የሚባሉ ወንድማማቾች ራሳቸው ያመርቱ ነበር፣ በ70ዎቹና በ80ዎቹ። አሁን አንዱን ለማግኘት ከተማ አቋርጬ ነው የምሄደው። አሜሪካ ያላችሁ ታድላችኋል።

ለማንኛውም፣ ከፒንቦሉ ይልቅ ጆተኒ አስገባ። ሀበሻ ጆተኒ አይቶ አያልፍም።

የቺካጎው_ጋሼ | ቺካጎ | ጃንዋሪ 13

እንደምን ሰነበታችሁ። ይህን ክር የልጄ ልጅ ናት ያሳየችኝ።

እኔ በ90ዎቹ እዚህ ቺካጎ ለፒንቦል ፋብሪካዎች ሽቦ እያሰናዳች የምታቀርብ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ። ቺካጎ የፒንቦል እናት ናት። ጎትሊብ፣ ባሊ፣ ዊሊያምስ፣ ዛሬ ደግሞ ስተርን፤ ሁሉም የዚህ አካባቢ ናቸው። አንድ ማሽን ውስጥ ግማሽ ማይል ያህል ሽቦ አለ ይባላል። ጣቶቼ ይመሰክራሉ። ዊሊያምስ በ1999 የፒንቦል ሥራውን ሲዘጋ አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ አምራች ብቻ ቀረ። "አለቀለት" አልን። አላለቀለትም።

ልጄ ጋርላንድ፣ ለአማትህ ይህን ንገራቸው። ብቻቸውን አይደሉም። ኒው ዮርክ እንኳ በ1942 በከንቲባ ላጋርዲያ ዘመን ፒንቦልን ቁማር ነው ብላ አገደች። ፖሊስ እየሰበሰበ በመዶሻ ሰባበረው። ያን ጊዜ ደግሞ እውነት ነበራቸው። ማሽኑ መምቻ አልነበረውም። ኳሷን ትለቃለህ፣ ዕድሏ ወደ ወሰዳት ትሄዳለች። ፍሊፐር፣ መምቻው ማለቴ ነው፣ የመጣው በ1947 ጎትሊብ ባወጣው ማሽን ነው። ከዚያ ወዲህ ኳሷን የሚያተርፋት እጅህ ነው።

እገዳው ግን እስከ 1976 ቆየ። ያኔ ሮጀር ሻርፕ የሚባል ወጣት ጸሐፊ ባለሥልጣናቱ ፊት ማሽን አስመጥቶ ተጫወተ። በመጨረሻ የመወርወሪያውን ሞላ ይዞ "ይቺ ኳስ አሁን በመሐለኛው መስመር ትገባለች" አለ። ለቀቃት። ገባች። ከተማዪቱም ፈቀደች። እሱ ራሱ በኋላ ዕድልም ረድቶኛል ብሏል፤ ይሄን ግን ለአማትህ አትንገራቸው።

አሁን የሚበጅህን ልንገርህ። የ90ዎቹ ማሽን ከሆነ የኋላውን ሣጥን ክፈት። ቦርዱ ላይ ሦስት ባትሪ ድንጋይ ታገኛለህ። የነጥብ መዝገቡንና ሰዓቱን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ባትሪው ሲያረጅ ያለቅሳል፣ ቦርዱን ይበላዋል። ስንቱ ማሽን የሞተው በሌላ ብልሽት ሳይሆን በዚህ ነው። ዛሬ ባትሪ የማይፈልግ የማስታወሻ ቺፕ ይሸጣል። ግዛና ድንጋዩን ጣል።

ጋርላንድ_ልጅ | ዳላስ | ጃንዋሪ 13

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። አሁኑኑ ሄጄ ከፈትኩት። ሦስቱም ድንጋዮች አረንጓዴ ዝገት ማውጣት ጀምረዋል። ቦርዱ ገና አልተነካም። ባይጽፉልኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።

ሌላ ነገር ተከሰተ። አንድ ሰው ካፌው መጥቶ "ፒንቦሉን ተወው፣ ኤይት ላይነር አስገባ፣ በወር ሺዎች ታያለህ" ብሎታል ለባለቤቴ ወንድም። ምንድን ነው እሱ?

ሂዩስተን_07 | ሂዩስተን | ጃንዋሪ 14

ራቁት! ኤይት ላይነር ማለት ስሎት ማሽን ነው፣ ሌላ ስም የወጣለት። ቴክሳስ ውስጥ ማሽን ጥሬ ገንዘብ ከከፈለ ቁማር ነው። ሕጉ የሚታገሰው ገንዘብ ያልሆነ ትንሽ ሽልማትን ብቻ ነው፣ ዋጋው ከአንድ ጨዋታ 10 እጥፍ ወይም ከ5 ዶላር፣ ከሁለቱ ካነሰው ያልበለጠ። "የስጦታ ካርድ ነው" ምናምን እያሉ የሚሠሩ ቤቶች በፖሊስ ሲወረሩ በዜና ታያለህ። የመጠጥ ፈቃድ ያለው ሰው በዚህ አይጫወትም።

ፒንቦልህ ግን ሕጋዊ ነው፣ ግብሩን ከከፈልክ። ለእያንዳንዱ ማሽን ለስቴቱ በዓመት 60 ዶላር አለ። ከተማውም እስከ 15 ዶላር ሊጨምርበት ይችላል። ከኮምፕትሮለሩ፣ ከስቴቱ ግብር ሰብሳቢ፣ ቢሮ የሚመጣልህን ተለጣፊ ማሽኑ ላይ በሚታይ ቦታ ትለጥፋለህ። ማሽንህን ሰው ቤት አቁመህ ስለምትካፈል ለዚያ የሚሆን ፈቃድም ማውጣት አለብህ። ሌላ ስቴት ያላችሁ የየራሳችሁን ጠይቁ፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

ጋርላንድ_ልጅ | ዳላስ | ማርች 2

ተመለስኩ። ፈቃዱ ወጣ፣ ማሽኑ ገባ። ወደ 120 ኪሎ የሚሆን ነገር መሆኑን የተረዳሁት ደረጃው ላይ ነው። ጭንቅላቱን ወደፊት አጥፈን፣ እግሮቹን ነቅለን፣ በጋሪ አቁመን አስገባነው። ፌብሯሪ 3 ሥራ ጀመረ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 31 ዶላር። አዎ፣ ለሁለቱም ሳምንት። ሒሳብ_አይዋሽም፣ አትሳቅ። ሰው ይመጣል፣ ያያል፣ "ደስ ይላል" ይላል፣ ይቀመጣል። ማንም ብቻውን ተነስቶ ሰው እያየው ሊሸነፍ አይፈልግም። ሳንቲም ሣጥኑ ውስጥ አንድ የኢትዮጵያ ሳንቲምና ሁለት ፍሬ ቆሎም አገኘሁ። ሳንቲሙ መግቢያው ላይ ተቀርቅሮ ቀኑን ሙሉ ሲያስቆመው ነበር።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰፈር ልጆች አንዱ፣ ከአዲስ ገና የመጣ፣ ማሽኑን አየና "ይሄ ስንት ሰው ያጫውታል?" አለኝ። አራት አልኩት፣ ተራ በተራ። "እንግዲያው የተሸነፈ ይክፈላ!" አለ።

በቃ። እንደ ጆተኒ ቤት አደረጉት። አራት ሆነው ይገባሉ፣ ትንሽ ነጥብ ያመጣው የአራቱንም ይከፍላል። አጠገቡ ስምንት ሰው ቆሞ ይፎክራል። ያን ሳምንት 96 ዶላር። ቀጥሎ 88። ሮማዊው፣ ጆተኒ ያልከው በሌላ በር ገባ።

አማቴ ደግሞ "የተሸነፈ ይከፍላል ሲሉ ሰማሁ፣ ቁማር አይደለም ያልከኝ?" አሉኝ። ጋሼ፣ አሁን ምን ልበላቸው?

የቺካጎው_ጋሼ | ቺካጎ | ማርች 2

ቡና የጋበዘ ሰው ቁማርተኛ ነው ወይ በላቸው። ከዚያ በኋላ ግን ከክፍሉ ውጣ።

ሒሳብ_አይዋሽም | አትላንታ | ማርች 3

አልሳቅሁም። 31 ሲል ሳቅሁ፣ 96 ሲል ተውኩት። አንድ ጥያቄ፦ የካፌው ሽያጭ እነዚያን ቅዳሜዎች ምን ሆነ?

ጋርላንድ_ልጅ | ዳላስ | ማርች 3

የሚገርመው እሱ ነው። ድሮ አንድ ማኪያቶ ይዞ ሦስት ሰዓት የሚቀመጠው ሁሉ አሁን ቆሞ ነው ያለው። የቆመ ሰው ይጠማዋል። ቢራው ጨምሯል፣ ክትፎውም። የባለቤቴ ወንድም በቁጥር አይነግረኝም፣ ግን ድርሻውን ከግማሽ ወደ 40 እናውርድ ስለው ሳያቅማማ እሺ አለ። ከዚያ ገባኝ።

አንድ ችግር አለ። አንድ ልጅ አለ፣ በሦስት ኳርተር 25 ደቂቃ ይጫወታል። ሰልፉ ይቆማል። ምን ላድርግ?

ሲያትል_ፒን | ሲያትል | ማርች 4

ዝንባሌውን ለክተሃል? ሰሌዳው ወደ 6.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ሰው ማሽን ሲተክል እግሩ ሥር ያሉትን ብሎኖች ይረሳል፣ ሜዳው ይተኛል፣ ኳሷ ትዘገያለች። የኋላዎቹን እግሮች ከፍ አድርግ፣ ግራ ቀኙን በውኃ ልክ አስተካክል። ከዚያ ማሽኑ ውስጥ ያለውን መዝገብ ተመልከት። ስንት ጨዋታ እንደተጫወቱ፣ አማካዩ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ይነግርሃል። ሦስት ደቂቃ አካባቢ ከሆነ ሁሉም ደስተኛ ነው። ነጻ ጨዋታ የሚሰጥበትን ነጥብም ከፍ አድርገው።

የቲልቱን ፔንዱለምም፣ ማሽኑ ሲነቀነቅ የሚያውቀውን፣ እይ። ውስጥ በጎን በኩል የተንጠለጠለች ሾጣጣ ብረት ናት፣ ቀለበቱን ስትነካ መምቻዎቹ ይቆሙና ተጫዋቹ ያቺን ኳስ ያጣል። በጣም ካላላሃት ጎረምሳው ማሽኑን እንደ በግ እየጎተተ ይጫወታል። በጣም ካጠበቅሃት ደግሞ እትዬዎች ሲያልፉ በቀሚሳቸው ነፋስ ይቆማል። እዚያ መሐል ላይ አግኛት።

ያን ልጅ ግን አታባርረው። ውድድር እንዲያደራጅልህ ጠይቀው። ማሽንህን ደግሞ ፒንቦል ማፕ ላይ አስመዝግብ። ፖርትላንድ ላይ የተጀመረ ነው፣ የት ምን ማሽን እንዳለ የሚያሳይ። አንድ ማሽን ያለበት ቤት ድረስ 40 ደቂቃ ነድተው የሚመጡ ፈረንጆች አሉ። ጥብስ ያዝዛሉ።

እትዬ_ጀበና | ሲልቨር ስፕሪንግ | ማርች 6

ያ ሰውዬ እንዳንተ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ቤቴ ይኖር ነበር። በነገራችን ላይ፣ እዚህ አካባቢ የሚሠራ ጨዋ ሰው የሚያውቅ አለ? አራት ሆኖ የተሸነፈ የሚከፍልበትን ነገር ወድጄዋለሁ።

ጋርላንድ_ልጅ | ዳላስ | ሜይ 18

ጉድ ፈላ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ቤቱ ሞልቷል። ስድስት ፈረንጆች ከማፑ አይተው መጥተዋል። የቀኙ ፍሊፐር ሞተ። የባለቤቴ ወንድም ይደውላል፣ እኔ ኤርፖርት ተሳፋሪ ይዣለሁ። ጭኜ፣ አድርሼ፣ ደረስኩ። ፊውዙ ደህና ነው። ኮይሉ፣ መምቻውን የሚያነሳው የሽቦ ጥቅል፣ ተቃጥሏል፣ ወረቀቱ ጠቁሮ ይሸታል። ትርፍ ኮይል የለኝም። "48 ሰዓት" ብዬ የፈረምኩት ውል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እሱ ራሱ ነው የለጠፈው። ዳላስ ውስጥ ዕቃው ያለው ሰው አለ?

የቺካጎው_ጋሼ | ቺካጎ | ሜይ 18

ምድር ቤቴ ውስጥ ከዚያ ዘመን የቀሩ ኮይሎች አሉ። ያንተው ላይ የተጻፈውን ቁጥር በውስጥ መስመር ላክልኝ። ከገጠመ ሰኞ ጠዋት በፈጣን ፖስታ አስልካለሁ፣ ማክሰኞ ይደርስሃል። 48 ሰዓቱ ያልፋል፣ ግን አማችህ ነው፤ ይታገስሃል።

ጋርላንድ_ልጅ | ዳላስ | ሜይ 19

አይታገስም ጋሼ። የዚህን ሳምንት ገቢ ሙሉውን እወስዳለሁ ብሏል። ቁጥሩን ልኬያለሁ። ስንት ልላክልዎ?

የቺካጎው_ጋሼ | ቺካጎ | ሜይ 19

ቁጥሩ አንድ ነው፣ አለኝ። ገንዘብ አትላክ። አሮጌውን ከማውጣትህ በፊት ግን ሽቦዎቹን ፎቶ አንሳ። ዳዮድ ኤሌክትሪክን ባንድ አቅጣጫ ብቻ የምታሳልፍ ትንሽ ዕቃ ናት፤ መስመር ያለበት ጫፏ ኤሌክትሪኩ በሚመጣበት በኩል ነው የሚሆነው። ብዙ ሰው በጥድፊያ ገልብጦ ይበይደውና አዲሱንም ያቃጥላል። የፍሊፐሩንም ማብቂያ ማብሪያ፣ መምቻው ተነስቶ ሲጨርስ ኃይሉን የሚቀንሰውን፣ እይ፤ ኮይል እንዲሁ አይቃጠልም፣ ማብሪያው ሳይከፈት ቀርቶ ይሆናል።